በፓራንቴዙ ፊት የቆመው ማይነስ

ሙሴ ጣሂር መሞቱን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከቀፊራ ገበያ ሎሚና በርበሬ ሸምቼ፣ ፌስታሌን ታቅፌ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ልጁ በመስታወቱ አየኝና፣ «አባባ፣ ያ የድሮ ባቡር ነጂ፣ ጣሂር፣ ሞተ አሉ። ዛሬ ጠዋት ቀበሩት። የምታውቀው መስሎኝ ነው» አለኝ።

ቆቤን አወለቅሁ። ወዲያው ደግሞ መልሼ አደረግሁት። የእኔና የሙሴ ጣሂር ነገር እንዲህ ነው፤ ለእሱ ቆብ አውልቄ ሳልጨርስ ይቆጨኛል። ከዚያ ሟች ነው ብዬ እንደገና አወለቅሁት። ልጁ አሁንም በመስታወት እያየኝ፣ «ሞቀህ እንዴ?» አለኝ።

«ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ሰባ ዓመት አልፎኝ አንድ ቀን አልሞቀኝም፤ ዛሬ ሊሞቀኝ ነው?» አልኩት።

ዋሸሁት። ሞቆኝ ነበር።

ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይባላል። እኔም ክፉ ላወራ አልተነሳሁም። እንዲያውም ካስተማሩኝ ሰዎች ሁሉ (ብዙ አልነበሩም፤ ትምህርት ቤትና እኔ በጊዜ ነው የተፋታነው) የእሱን ያህል ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ የለም። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። መጥፎ አስተማሪ ቢሆን ኖሮ ድሮ በረሳሁት፤ አርባ ዓመት ሙሉ ባላኘኩት።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ እኔ በባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ከፉርጎ የማያይዝ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራው ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ለእኔ የተሰፋ ነበር። ሎኮሞቲቩ ወደ ኋላ እየገፋ ፉርጎውን ያመጣልሃል። አንተ ከኋላ ቆመህ በእጅህ «ና፣ ና፣ ቀስ» ትላለህ። ሲነካካ መሀል ትገባና መንጠቆውን ትጥላለህ። ቶሎ ከወጣህ ምሳህን ትበላለህ፤ ካልወጣህ ሌላ ሰው ይበላልሃል። ይህን ሥራዬን ልብ በሉልኝ። እኔ ራሴ ልብ ሳልለው ነው ዕድሜዬ ያለቀው።

ጣሂር ደግሞ የመለዋወጫ መጋዘኑ ኃላፊ ነበር። «ሙሴ» ስሙ አይደለም። ፈረንሳዮቹ ሄደው ቋንቋቸው የቀረበት ግቢ ስለሆነ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ «ሙሴ»፣ እንደ እኛ «አቶ» ማለት ነው፣ ይባል ነበር። በእኔ ላይ ማንም ሞክሮት አያውቅም። ጣሂር በልጅነቱ ፈረንጅ ካህናት ዘንድ ተምሮ ስለነበር ማዕረጉ ይገባዋል። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲያወራ ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው ሲጋራ ጆሮው ላይ እንደሚሰካ እሱ ጠመኔ ይሰካል። ረስቶት መስጊድ ይሄድና ውዱእ ሲያደርግ ጠመኔው ይሟሟል፤ ግማሽ ፊቱ ነጭ ሆኖ ለሶላት ሲቆም አጠገቡ ያሉት ሳቃቸውን ለመያዝ ይሰቃያሉ።

አንድ ቀን በግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሠራተኛው መካከል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በፈተና ተመርጦ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነጂ ለመሆን ይሠለጥናል። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አንዱ ሶሻሊስት አገር። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ። ፈተናው ሒሳብ ነው፤ አልጀብራ።

አልጀብራን ከእኛ ውስጥ በዓይኑ ያየው የለም። ጓደኛዬ አብዲ የጣልያን ምግብ መስሎት ነበር። አብዲ የፉርጎ እግር ግራሶ የሚቀባ ልጅ ነው፤ ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ ጥቁር ሆኖ፣ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ከሩቅ የሚታይ። ቦታውን እኔም እፈልገው ነበር። መሀል ገብቶ መውጣት ሰልችቶኝ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከፊት ተቀምጬ ነፋስ ፊቴን ቢመታኝ ብዬ። የአብዲ ግን ከእኔ የበረታ ነበር። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል፤ በየቀበሌው ስም እየተጠራ ወጣቱ ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ይጫናል። ባቡር ነጂነት ኮርስ የገባ አይጠራም የሚል ወሬ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። አብዲ ግን አምኖታል፤ እናቱም አምናዋለች።

ሙሴ ጣሂር ማስታወቂያውን ከበን ስንንጫጫ አየንና፣ «ኑ፣ እኔ አስተምራችኋለሁ» አለ።

«አንተስ አትፈተንም?» አልኩት።

«እኔ? አቦ ተወኝ! አርባን ካለፍኩ ስንት ዘመኔ! እኔ የምፈልገው ከእናንተ አንዱ እዚያ ሎኮሞቲቭ ላይ ተቀምጦ፣ በመጋዘኔ ፊት ሲያልፍ ጡሩምባ እንዲነፋልኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንዲህ የሚል ሰው እንዴት አይወደድም?

ክፍላችን ከግቢው ጥግ የተጣለ የድሮ ፉርጎ ጥላ ሥር ነበር። ከሥራ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ጋደም ባለበት፣ ወይም ጫቱን ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት፣ እኛ አምስት ሰዎች ድንጋይ ላይ እንደረደራለን። የፉርጎው የብረት በር ሰሌዳችን ነው። ሙሴ በጠመኔ ይጽፋል፣ በክንዱ ይጠርጋል፣ ብረቱ ሲያቃጥለው «ያ ረቢ!» ይላል፣ ይቀጥላል። «እኩል ይሆናል» የሚለውን ምልክት ሊጽፍ ሲል ደግሞ ሁልጊዜ ቆቡን ያወልቅ ነበር። መጀመሪያ ላበቱን የሚጠርግ መስሎኝ ነበር። አብዲ ጠየቀው።

«ይሄ ፍትሕ ነው» አለ ሁለቷን አጫጭር መስመሮች እያሳየ። «በግራ ያለውና በቀኝ ያለው አይበላለጡም። ለአንዱ ያደረግከውን ለሌላው ታደርጋለህ። ለፍትሕ ቆብ ይወለቃል።»

እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆባችንን አወለቅን። እኔ በተለይ በጣም ዝቅ አድርጌ ነበር የማወልቀው።

ማስተማሩን ላንቆለጳጵሰው። ቁጥር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲሻገር ምልክቱ ለምን እንደሚቀየር ያስተማረንን ልንገራችሁ። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍላት የአሸዋ ወንዝ ነው፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ።

«አብዲ፣ ከዚራ ሳለህ በምን ታወራለህ?»

«በአማርኛ።»

«ደቻቱን ተሻግረህ መጋላ ስትገባስ?»

«በኦሮምኛ። ሶማሌ ካገኘሁ በሶማሊኛ። አደሬ ካገኘሁ ዝም፤ ቀድሞኝ ያወራል።»

«ግን ያው አብዲ ነህ?»

«ያው ነኛ! ማን ልሆን?»

«ቁጥርም ያው ነው። ደቻቱን ሲሻገር ቋንቋ ይቀይራል። ፕላስ የነበረው ማይነስ፣ ማይነስ የነበረው ፕላስ። ያው ቁጥር ነው፤ የሄደበት ሰፈር ነው የተለየው።»

በቃ። ትምህርት ቤት ለዓመታት ሊያስገባልኝ ያልቻለውን ነገር ደቻቱ በአንድ ከሰዓት አስገባልኝ። እስከ ዛሬ ድልድዩን ስሻገር ምልክቴ የሚቀየር ይመስለኛል።

ኢክስን ደግሞ በኮንትሮባንድ አስተማረን። ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር የምትወርድ ነጋዴ ሴት ታውቃላችሁ? ስትሄድ እንደ ቀርከሃ፣ ስትመለስ እንደ በርሜል። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ለብሳ፣ ከሁሉም በታች ጨርቁን ወይ ሰዓቱን ጠምጥማ ትመጣለች። «ኢክስ እሷ የደበቀችው ዕቃ ነው» አለን። «አንተ ፈታሽ ነህ። ከውስጥ ትጀምራለህ?»

«በጥፊ ትለኛለች!» አልኩ።

«ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ የደረበችውን ነጠላ። እሱ የተደመረው ቁጥር ነው። ከዚያ ቀሚሱን። እሱ የተባዛው ነው። ቀስ እያልክ፣ በአክብሮት፣ አንድ በአንድ። በመጨረሻ ኢክስ ብቻውን ይቆማል፣ ራቁቱን፣ አፍሮ።»

አብዲ ሳቁ አላቆም ብሎት ከድንጋዩ ወደቀ። በማግሥቱ ግን ያለ ማንም እርዳታ ኢክስን ራቁቱን አቆመው።

አንድ ቀን የግቢው ካድሬ መጣ። በዚያ ዘመን አምስት ሰው አንድ ላይ ሲቀመጥ ያሳስባል። ሰሌዳውን አየ፣ እኛን አየ፣ ቆባችንን ጭናችን ላይ አየ።

«ይሄ ኢክስ ማነው?»

«ያልታወቀ ነው፣ ጓድ» አለ ሙሴ ጣሂር፣ ፊቱ ላይ አንድ ሳቅ ሳይታይ።

«እንዴት ያልታወቀ? የት ነው ያለው?»

«እየፈለግነው ነው፣ ጓድ። ወደ መጨረሻው ደርሰናል።»

ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። «ስትደርሱበት ለጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ» ብሎን ሊሄድ ሲል፣ ሙሴ ጨመረለት። «ጓድ፣ ዛሬ ማይነስ ሲባዛ በማይነስ ፕላስ እንደሚሆን ነው የምንማረው። የጠላታችን ጠላት ወዳጃችን ነው እንደማለት።» ካድሬው በደስታ አጨበጨበልን። እኛም አጨበጨብን። ማጨብጨብ አልጀብራ ሳንማርም እንችልበት ነበር።

ይህን ሰው ነው የወደድኩት። አባቴን እንኳ እንደዚያ አላመንኩትም።

የፓራንቴዙ ትምህርት የመጣው ፈተናው ሲቃረብ ነው። ቁጥሮችን አቅፎ የሚይዘውን ቅንፍ እኛ በሙሴ አፍ «ፓራንቴዝ» ነበር የምንለው። ፊት ለፊቱ ማይነስ ቢቆምበት እንዴት ይከፈታል? ሙሴ ጠመኔውን ከጆሮው አወጣ፣ መልሶ ሰካው፣ እንደገና አወጣው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ጥላው ሥር የተቀመጥንበትን ፉርጎ በር ደበደበ።

«ፓራንቴዝ ማለት ይሄ ፉርጎ ነው። ማይነስ ውጭ የቆመ ፈታሽ ነው። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? በር ላይ የቆመውን። እሱን ይይዛል፣ ምልክቱን ይቀይራል፣ ይሄዳል። ውስጥ የተቀመጡትን አይነካም።»

ጻፍን። ሁላችንም፣ በቃላችንም በልባችንም ጻፍን። አብዲ ብቻ ራሱን አከከ።

«ሙሴ፣ አስር ማንጎ ይዣለሁ እንበል። ሦስት ለአንተ፣ ሁለት ለበቀለ ሰጠሁ» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። «አምስት ይቀረኛል አይደል? በአንተ ፓራንቴዝ ግን ለበቀለ የሰጠሁት ተመልሶ ይመጣና ዘጠኝ ይቀረኛል። እየሰጠሁ የምከብረው እንዴት ነው?»

«አብዲ» አለ ሙሴ፣ በጣም በቀስታ፣ «ማንጎ የሚቆጠረው ቀፊራ ነው። አልጀብራ ውስጥ ማንጎ አይገባም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔማ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ የዋናው ተማሪ ሳቅ ነው የሳቅሁት። አብዲ ራሱም ሳቀ። ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑን እዚያ የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የፈተናው ቀን ጠዋት የሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ከፊት ለፊት ሦስቱ ጢማም የሶሻሊዝም አባቶች ከግድግዳው ሥዕል ላይ ያዩናል። ከፊተኛው ረድፍ ላይ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ሸሚዙን የተኮሰ ሰው ተቀምጧል። በአንገቱ ነው ያወቅሁት።

«ሙሴ! ልታበረታታን መጣህ?»

ዞር ብሎ ፈገግ አለ። እጁ ላይ እርሳስ ይዟል። ሁለት እርሳስ፤ አንዱ ቢሰበር ብሎ።

ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነው። የእያንዳንዳችንን ዕድሜ ከመታወቂያችን ላይ ጮክ ብሎ አነበበ። እኔ ሠላሳ ሦስት። ጣሂር ሠላሳ ሁለት። ለካ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ መታወቂያ አውጥቷል። «ልጆቼ» ሲለን የከረመው አባታችን በአንድ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ሆኖ አረፈው። አብዲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ተነሣና ሳመው፤ ታላቁ ነህ» አለኝ። እንዲህ ነበር አብዲ። ሲከዱትም ይቀልዳል።

ቢሆንም አልደነገጥኩም። አስተማሪያችን ነው፤ እሱ ቢበልጠን ደንብ ነው፤ በሐቅ ከበለጠን ይውሰደው አልኩ። ወረቀቱ ተሰጠ። ደቻቱን ተሻገርኩ፣ ቀሚስ አወለቅሁ። አንዱ ጥያቄ ከሁሉ ብዙ ነጥብ የሚያስገኝ ነበር፦ ከሃያ ላይ፣ በፓራንቴዝ ውስጥ ያሉት ኢክስና ሁለት ተቀንሰው፣ አስር ይሆናል። በሩን ከፈትኩ። በር ላይ ቆሞ ያገኘሁት ኢክስ ነው፤ ያዝኩት፣ ማይነስ አደረግሁት። ሁለትን አልነካሁም። ኢክስ አሥራ ሁለት። መልሼም ፈተሽኩት፤ በዚያው በተማርኩት ደንብ ስለፈተሽኩት ልክ መጣልኝ። ሌባን በሌባ ማስጠበቅ ማለት ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ ጠራን። አምስታችንን ለብቻ አቆመን። ጣሂር ከፊተኛው ረድፍ እንደተቀመጠ ነው።

«ኢክስ ስምንት ነው» አለን። «ማይነሱ ፓራንቴዙ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቀይራል። አምስታችሁም ግን አሥራ ሁለት ብላችኋል፤ ያውም መስመር በመስመር አንድ ዓይነት ስሕተት። ተኮራርጃችኋል።»

«አልተኮራረጅንም!» አልን።

«እንግዲያውስ ይሄን ማን አስተማራችሁ?»

እዚህ ላይ ዘመኑን ማወቅ አለባችሁ። ማን ነገረህ፣ ማን አስተማረህ፣ ከማን ጋር ነበርክ፤ ለእነዚህ ጥያቄዎች አገሩ ሁሉ አንድ መልስ ነበረው። ስም አይጠራም። ስሙ የተጠራ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ልጆቻችንን ከአባታቸው ስም ቀጥለን የምናስተምራቸው ይህንኑ ነበር። እና ደግሞ ሙሴያችን ነው፤ ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስቦ ተገኘ ቢባልስ? አብዲን አየሁት። አየኝ።

«ማንም» አልኩ።

«ከራሳችን ነው» አለ አብዲ።

የቀሩትም ተከተሉ። መሐንዲሱ ራሱን ነቅንቆ በቀይ ሰረዘን። ትክክለኛውን ለማሳየት ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ ያቺን የፍትሕ ምልክት፣ ሁለቷን መስመር አሰመረ። እጄ ሳላውቀው ወደ ቆቤ ሄደ። ሙሴ ጣሂርን ተመለከትኩት። ቆቡ ጭንቅላቱ ላይ ነበር። አላወለቀም።

የእሱ ወረቀት ላይ ኢክስ ስምንት ነበር።

ውጭ ተከትዬ ያዝኩት። «ሙሴ፣ ፓራንቴዙ…»

«ወላሂ ልጄ» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔም እንደናንተው ነበር የማውቀው። ወረቀቱ ላይ ስደርስ ነው ድንገት የበራልኝ። ከአላህ ነው።»

ወላሂ አለኝ። ወላሂ የተባለን ነገር እንዴት አላምን እላለሁ? ግማሹን አመንኩ። ከቀረው ግማሽ ጋር እንዳልፋጠጥ ደግሞ ባቡር እየመጣ ነበር፤ ሥራ ገባሁ።

ወደ አዲስ አበባ የሄደበትን ፉርጎ ያያያዝኩት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ያወጣለት አብዲ ነው። የዚያኑ ዓመት አብዲ ተጠርቶ ሁርሶ ገባ። ከሁርሶ ወደ ሰሜን ወሰዱት። ከሰሜን ወዴት እንደሄደ እናቱ እስክትሞት ድረስ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ኮርስ ቢገባ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። እኔ የማውቀው አብዲ ዛሬም ኢክስ መሆኑን ነው። የፈታው የለም።

ጣሂር ሠልጥኖ ተመለሰ። ነጂ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክንወጣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሠራን። ሎኮሞቲቩን ወደ ኋላ እየገፋ ይመጣል፣ እኔ «ና፣ ና፣ ቀስ» እላለሁ። ስለ እውነት ከተባለ እንደሱ አድርጎ ቀስ የሚል ነጂ አልነበረም። ፉርጎውን እንደ እንቁላል ነበር የሚያስቀምጥልኝ። ብዙ ሰው እጁን ባጣበት ሥራ ዐሥር ጣቴን ይዤ የወጣሁት በእሱ ነው። በአጠገቤ ሲያልፍም ጡሩምባውን ይነፋ ነበር። ሰላምታ ይሁን ይቅርታ አልለየሁትም። አንድ ቀን ግን ወደ ላይ ጮህኩ።

«ሙሴ! ያ ማይነስ ነገር፣ እውነት ያን ቀን ነው የበራልህ?»

አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ አለ።

«በቀለ፣ የፍሬን ቱቦው ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«በል እንግዲህ ከመሀል ውጣ።»

ወጣሁ። ሌላ ጊዜ አልጠየቅሁም።

እና ሞተ። በማግሥቱ ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ልደርስ፣ ሄድኩ። ደቻቱን ተሻግሬ፣ መጋላ፣ ከቤቱ በር ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። ትኩስ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ በብርጭቆ ሰጡኝ። ያንን ግማሽ ጥርጣሬዬን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ከእሱ ጋር ልቀብረው፣ ከዚያ በሰላም ወደ ቤቴ ልገባ።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት መነጽር ያደረገች ወይዘሮ ወጣች። አንገቷ የአባቷ ነው። ፈትያ፣ የሙሴ ትልቋ ልጅ፤ የሒሳብ አስተማሪ መሆኗን ሰምቼ ነበር።

«ጋሽ በቀለ! አንተ ነህ?» አለችኝ። እኛ አገር አንቱታን ደቻቱ ጠርጎ ወስዶታል። «አባዬ ስላንተ ሲያወራ ነው ያደግሁት።»

«ምን እያለ?» አልኩ፣ ጥፋቱን ሊነግሩት እንደተጠራ ተማሪ ቀና ብዬ።

«ሰባተኛ ክፍል ሆኜ፣ ያኔ እናንተን ፉርጎው ጋ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ቤት ሲገባ ያንኑ ለእኔ ይደግምልኝ ነበር። ደቻቱን፣ የኮንትሮባንዷን ሴትዮ…»

«ነጠላው መጀመሪያ» አልኩ።

«ከዚያ ቀሚሱ!» ብላ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በእውነት ናፈቀኝ። «ከሁሉ ግን የማልረሳው የፓራንቴዙን ነው። ‹በቀለ የሚባል ጓደኛ አለኝ› አለኝ። ‹ቀኑን ሙሉ ከባቡር ኋላ ቆሞ ና፣ ና ይላል። ማይነስ ማለት ወደ ኋላ የሚገፋው ሎኮሞቲቭ ነው። ፓራንቴዙ ፉርጎው ነው። ባቡሩ ወደ በቀለ ሲሄድ፣ ከውስጡ ወደ ፊት የሚሄድ አንድ ተሳፋሪ አለ? በር ላይ የቆመውም፣ ጥግ የተኛውም፣ ሁሉም ወደ ኋላ። ማንም አይቀርም።› ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ሁሉ አንተን በስም ያውቁሃል።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩ።

ሕጉን መደበቁ አልነበረም ያመመኝ። ያንን ግማሹ ልቤ ያውቀው ነበር። ምሳሌው ነው። ከሰጠን ሁሉ የሚያምረውን ምሳሌ ለቤቱ አስቀርቶታል፤ ያውም ከእኔ ወስዶ። ከእኔ እጅ፣ ከእኔ «ና፣ ና»። በየቀኑ እያየኝ። ባቡር ወደ ኋላ ሲሄድ ሁሉም ወደ ኋላ እንደሚሄድ በዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? ያ ሁሉ ፉርጎ ደረቴ ላይ እየመጣ! አንድ ጊዜ እንኳ «በቀለ፣ ዞር ብለህ ሥራህን እይ» ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። አብዲም ይበቃው ነበር።

«ለእናንተም እንደዚሁ ነበር ያስተማራችሁ፣ አይደል?» አለች ፈትያ።

ሽማግሌዎቹ ስለ ሟች አንድ መልካም ነገር ለመስማት ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ያ መሐንዲስ ፊት ለፊቴ የቆመ መሰለኝ። ማን አስተማራችሁ? ጎኔን ተመለከትኩ፤ የሚያየኝ አብዲ የለም።

«አዎ ልጄ» አልኳት። «ቃል በቃል። እሱ ነው ያስተማረን።»

እጄን ይዛ ሳመችኝ።

ስለ ሙሴ ጣሂር በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋሸሁለት። አንዴ ማንም አላስተማረንም ብዬ፣ አንዴ በደንብ አስተማረን ብዬ። ማይነስ ሲባዛ በማይነስ ፕላስ ነው ብሎን ነበር፤ ያ ካድሬ እንኳ ያጨበጨበለት ነው። ስወጣ ፈትያን በር ላይ ይዤ፣ እሱስ እውነት ነው ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አስተማሪ ናት፣ ታውቃለች።

ተውኩት። ካስተማረን ሁሉ አንዷ እንኳ እውነት ሆና ትቅረኝ።